ሰው ሠራሽ ሣር ለጎንደር? 34 ምላሽ የወሰደ ክርክር

ሰሞኑን የጎንደር ኳስ ወዳጆች በሚሰበሰቡበት የውይይት መድረክ ላይ አንድ ክር፣ ማለትም ምላሽ የሚቀጣጠልበት የውይይት ርዕስ፣ ተከፍቶ እንቅልፍ ነስቶን ከርሟል። እኔ ብዙ አልጻፍኩም፤ ማንበብ ይሻለኛል። ስድቡንና ተራ ቀልዱን ቀናንሼ ላልደረሳችሁ በየተራው ላውጋችሁ። በመሃል የራሴንም ጣል ማድረጌ አይቀርም፣ ቻሉኝ።

ክሩን የከፈተው አንድ የማራኪ ሰፈር ልጅ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. የ2029ን የአፍሪካ ዋንጫ ማዘጋጀት እንደምትፈልግ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተካሄደው የካፍ (የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን) ጉባኤ መናገሯን አስታወሰ። ታዲያ ጎንደር ከአዘጋጅ ከተሞች አንዷ ለመሆን ምን ይጎድላታል ብሎ ጠየቀ። መልሱንም ራሱ ሰጠ፦ የሚጎድላት ሰው ሠራሽ ሣር ብቻ ነው። ውሃ አይጠጣም፣ አይታጨድም፣ በክረምት አይጨቀይም፣ በበጋ አይደርቅም። አንዴ ከተዘረጋ አለቀ። ጽሑፉ አጭር ነው፣ ልብም ያሞቃል። ነገሩን ይህን ያህል ማቅለሉ ግን ጣጣ አመጣበት።

1ኛው ምላሽ በአክብሮት የተጻፈ ነው። ወንድማችን ጥሩ ነገር እንዳነሳ ካመሰገነ በኋላ ወደ ከተማችን ክለብ ወደ ፋሲል ከነማ፣ ወደ አፄዎቹ፣ ሄደ። አፄዎቹ በ2013 ዓ.ም. የፕሪምየር ሊጉን ዋንጫ አንስተዋል። የአፍሪካ ውድድር ሲመጣ ግን የታንዛኒያውን አዛምንም ሆነ የሱዳኑን አል ሂላልን የተቀበሉት ባሕር ዳር ላይ ነው። የጎንደር ሰው የራሱን ቡድን ለማየት ሻንጣ መያዙ እንደሚያንገበግበው ጻፈ። 2ኛው ምላሽ ጭብጨባ ብቻ ነው።

3ኛው ሞቅታውን አበረደው። ጸሐፊው ከስታዲየም ሥራ ጋር ቅርበት ያለው ሰው ይመስላል። ካፍ ሜዳ ሲመረምር ሣሩን ብቻ አያይም አለ። የተመልካች ወንበር፣ መልበሻ ክፍል፣ ፓውዛ፣ የሕክምና ክፍል፣ የጋዜጠኞች ቦታ፣ መግቢያና መውጫ በር ሁሉ ይታያል። ማስረጃ አድርጎ ያመጣው ባሕር ዳርን ነው። መስከረም 29 ቀን 2014 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ዋልያዎቹ እዚያ በደቡብ አፍሪካ 3 ለ 1 ተሸነፉ። ከዚያ ሜዳው ታገደ። በኅዳር ጋናን ያስተናገድነው ጆሃንስበርግ ላይ ነው፣ ያውም ባለሜዳ ተብለን። በሰኔ ደግሞ ግብፅን ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ድረስ ሄደን ገጠምን።

የግብፅ ስም ሲነሳ 4ኛው ዝም ማለት አልቻለም። 2 ለ 0 ያሸነፍንበትን ያን ጨዋታ ፒያሳ አንድ ካፌ ውስጥ ቆሞ ነው ያየው። ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ ያገቧቸውን ጎሎች ከነደቂቃቸው ሊተርክ ሞከረ። ከሁሉ የጣመኝ ግን አጠገቡ ስለነበሩት አዛውንት የጻፈው ነው። በሜዳችን ነው የምንጫወተው ሲባል ሰምተው አዲስ አበባ መስሏቸዋል። በሰኔ እንዲህ ያለ ፀሐይ አዲስ አበባ ላይ ከየት መጣ እያሉ እስከ ዕረፍት ሲገረሙ ቆይተዋል። ማንም ደፍሮ አልነገራቸውም።

5ኛው ምላሽ የጋሼ ነው። ስማቸውን አንጠራም፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። አዲስ አበባ ስታዲየም በ1954፣ በ1960 እና በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫን ማስተናገዱን ለልጆቹ አስታወሱ። በ1960 አስመራ፣ በ1968 ድሬዳዋ ተካፋይ ነበሩ። ጎንደር አንዴም ተራ አልደረሳትም። እሳቸው በ1968 አዲስ አበባ ተማሪ ነበሩና ጨዋታ ያዩት ካታንጋ በሚባለው የስታዲየሙ ክፍል ተቀምጠው ነው። የዚያን ጊዜ ሣር አሁን በቴሌቪዥን ከምናየው ጋር አይነጻጸርም፤ ቢሆንም ኳስ ይንከባለል ነበር አሉ። ከዚያ ስለ ድሮ ታኬታ ሚስማር ገብተው ረጅም ወግ አወጉ። ደስ ይል ነበር። ጥያቄውን ግን አልመለሱትም።

ክርክሩ በደንብ የተጋጋለው ከ6ኛው ጀምሮ ነው። ይህ ልጅ የዓለም ዋንጫ ነገር አጥንቶ ነው የመጣው። ለ2026ቱ ውድድር ከተመረጡት 16 ስታዲየሞች ስምንቱ ሰው ሠራሽ ምንጣፍ የለመዱ ናቸው አለ። ፊፋ ግን ውድድሩ በተፈጥሮ ሣር ላይ እንዲካሄድ ስለሚፈልግ፣ ኒው ጀርሲ፣ ዳላስ፣ ሂዩስተን፣ አትላንታ፣ ሎስ አንጀለስ፣ ሲያትል፣ ቦስተን አጠገብ ያለው ፎክስቦሮና ቫንኩቨር ምንጣፉን አንስተው ሣር ማስገባት ነበረባቸው። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ጣራ የለበሱ ናቸው። ፀሐይ በማይገባበት ቤት ሣር ለማቆየት የሚሺጋን ስቴትና የቴነሲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዓመታት ደክመዋል። ሚሺጋኖቹ ሥራውን ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ1994 ፖንቲያክ ሲልቨርዶም የሚባለውን ባለጣራ ስታዲየም ውጭ ባበቀሉት ሣር ያለበሱት እነሱ ናቸው። ሣሩን ባለ ስድስት ማዕዘን ሳጥን ውስጥ አብቅለው፣ ሳጥኖቹን አስገብተው ገጣጠሟቸው።

ስፋቱንም አነሳ። የአሜሪካ ፉትቦል ሜዳ ወርዱ 49 ሜትር ገደማ ነው። የዓለም ዋንጫ ሜዳ 68 ሜትር ይፈልጋል፣ ርዝመቱም 105። ስለዚህ አንዳንዶቹ የማዕዘን ወንበር እስከ መንቀል ደርሰዋል። መደምደሚያው ሸንቆጥ ያደርጋል። ምንጣፍ ዘርግቶ መገላገል ቢቻል አሜሪካኖቹ ይህን ሁሉ ገንዘብ አያፈሱም ነበር፤ እናንተ ከእነሱ በለጣችሁ ወይ አለ።

ክሩን የከፈተው ልጅ በ7ኛው ተመለሰ። ተቆጥቷል። የዓለም ዋንጫ ጎንደር ይምጣ ያለ ሰው የለም፤ የዓለም ዋንጫ ለምድብ ጨዋታ እንኳ 40,000 ወንበር ይጠይቃል፣ ለመክፈቻና ለፍጻሜ 80,000። እሱ ያወራው ስለ አፍሪካ ነው፣ በአፍሪካ ደግሞ ሰው ሠራሽ ሣር ላይ ስንት ጨዋታ ተካሂዷል። ፊፋ ራሱ ለሰው ሠራሽ ሣር የጥራት ደረጃ ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ2015 ካናዳ የሴቶችን የዓለም ዋንጫ ሙሉውን ሰው ሠራሽ ሣር ላይ አላካሄደችም ወይ? እዚህ ላይ እውነቱን ነው። ምሳሌው ግን እግሩን ጠለፈው።

8ኛዋ ምላሽ ሰጪ ተጫዋች የነበረች እህታችን ናት። የካናዳውን ጉዳይ ከነጉዱ ታውቀዋለች። አሜሪካዊቷን አቢ ዋምባክን ጨምሮ ታዋቂ ተጫዋቾች ውድድሩ ሳይጀመር ክስ መሥርተው ነበር። ወንዶች በሣር እየተጫወቱ ሴቶችን ምንጣፍ ላይ ማሰለፍ አድልዎ ነው አሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 መጀመሪያ ክሱን አነሱ፣ ውድድሩም እንደታሰበው በምንጣፍ ላይ ተካሄደ። የራሷንም ነገረችን። ያረጀ ምንጣፍ ላይ ተንሸራታ ኳስ ስትነጥቅ ጭኗ ተላጠ። ቁስሉ ከአንሶላ ጋር እየተጣበቀ ስንት ሌሊት አሰቃይቷታል። ቀን በፀሐይ ደግሞ ምንጣፉ ላይ የሚነሰነሰው ያ ጥቁር የጎማ ፍርፋሪ እየጋለ በጫማ ውስጥ እግር ይለበልባል። ጎንደር ደጋ ናት የምትሉ በስድስት ሰዓት ሞክሩት አለች። ከዚህ በኋላ ምንጣፉን የደገፉት ሰዎች ቃላቸውን መርጠው መጻፍ ጀመሩ።

9ኛው ግን የተፈጥሮ ሣርም ታቦት አይደለም ብሎ መጣ። ጥር 2005 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ላይ ዛምቢያን የገጠምንበትን የምቦምቤላ ሜዳ አስታወሰን። ማን ይረሳዋል! ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ደርሰን ያገኘነው ሣሩ የመነመነ፣ አሸዋ የተነሰነሰበት ሜዳ ነው። ያ ስታዲየም እ.ኤ.አ. በ2010 የዓለም ዋንጫን ያስተናገደ ነበር። ስለዚህ ስታዲየሙ ስሙ ትልቅ ስለሆነ ሜዳው ደህና ነው ማለት አይደለም። የአሜሪካንም ጨመረ። እ.ኤ.አ. በ2024 አትላንታ ላይ አርጀንቲናና ካናዳ ኮፓ አሜሪካን ሲከፍቱ፣ ምንጣፉ ላይ በቶሎ የተነጠፈው ጊዜያዊ ሣር ሁለቱንም ቡድኖች አስመርሯል።

10ኛውና 11ኛው ከሣሩ ወጥተው ዛምቢያ ላይ ቀሩ። የጀማል ጣሰው ቀይ ካርድ፣ አዳነ ግርማ በጎዶሎ ልጅ ያስቆጠራት የአቻነት ጎል፣ ሳላዲን ሰይድ የሳታት ፍፁም ቅጣት ምት። ፍፁም ቅጣቷ የተሳተችው በአሸዋው ነው አይደለም ተባብለው ተናቆሩ። እኔ ሜዳውን ሰበብ ማድረግ አልወድም። ያን ዕለት በየጎጆው የተጨፈረውን ግን ማስታወሳቸው ደስ አለኝ።

ለኔ የክሩ እምብርት 12ኛው ነው። ጸሐፊው የግብርና ባለሙያ ነው። ስለ ኳስ ብዙ አያውቅም፣ ራሱም አልደበቀም። ስለ አፈርና ውሃ ግን እንዲህ ብሎ አሰላ። 105 በ68 ሲባዛ 7,140 ካሬ ሜትር ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ውሃ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ይሆናል። በበጋ ለሣር በቀን አምስት ሚሊ ሜትር ስጡት ብንል 35,700 ሊትር ይፈልጋል። ባለ 200 ሊትር በርሜል ቢሆን 178 በርሜል ሞልቶ ይተርፋል፣ ያውም ለአንድ ቀን። ይህ ሁሉ የሚጠየቀው አንገረብ ግድብ በደለል እየተሞላ፣ ውሃ በፈረቃ በሚጠበቅባት ከተማ ነው። ሮቶ ባዶውን ሲቀመጥ ምን እንደሚመስል የማያውቅ ጎንደሬ የለም።

እስከዚህ ድረስ የምንጣፉ ወገኖች ፈነጠዙ። ባለሙያው ግን አልጨረሰም። ምንጣፉም ቢሆን አፈር ላይ ነው የሚዘረጋው አለ። በአካባቢያችን ብዙ ቦታ ያለው አፈር ዋልካ ነው። ዋልካ ዝናብ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል። እዚያ ላይ ምንጣፍ ብትዘረጋ በሁለተኛው ክረምት ይጎረብጣል። ስለዚህ ምንጣፍም ይሁን ሣር መጀመሪያ ጥቁሩ አፈር ተቆፍሮ ይወጣል። ከሥር ቀዳዳ ቧንቧ ይቀበራል፣ ከላዩ ጠጠር ይደለደላል፣ ለሣር ከሆነ ደግሞ አሸዋው ይከተላል። ገንዘቡ የሚያልቀው እዚያ ነው። ከላይ የሚታየው አረንጓዴ የመጨረሻው ሥራ ነው። ምንጣፉም ይቦረሻል፣ በዝናብ የታጠበው ፍርፋሪ ይሞላል፣ ብዙ ጊዜ ከ8 እስከ 10 ዓመት ባለው ጊዜ ይቀየራል። ለመቀየሪያው ዶላር ከየት እንደሚመጣም ጠየቀ። ማንም አልመለሰለትም።

እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ለሁለት ወር በአረንጓዴው ስንጨቃጨቅ ስለ ቧንቧው የሚያስብ ይጠፋል። ሪባን የሚቆረጠው ከላይ ነዋ።

ጋሼ በ13ኛው ተመለሱ፣ ውሃው አሳስቧቸዋል። የፋሲለደስ መዋኛን አስታወሱ። አባቶቻችን የቀሃን ወንዝ ጠልፈው ለጥምቀት ያን ሁሉ ውሃ ይሞሉ ከነበረ፣ ዛሬ ለአንድ ሜዳ የሚሆን ማጠራቀሚያ መሥራት እንዴት ያቅተናል አሉ። ክረምቱ ዝናብ በዝናብ ነው፣ ከጥላ ፎቁ ጣራ የሚወርደውን ብቻ ብንይዝ ቀላል አይደለም። 14ኛው ትንሽ ሻከር አለ። ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ መዋኛው የሚሞላው በዓመት አንዴ ነው፤ ሣር ግን ከመስከረም እስከ ግንቦት በየቀኑ ይጠማል አለ። ጋሼ አልተቀየሙም። ከመስከረም እስከ ግንቦት የሚያጠጣ ጉድጓድ ቆፍራ ማስቀመጥ የምትችል ከተማ ናት ብለው ዘጉት።

15ኛው ጎንደር ከፍታዋ ስለሚበዛ ፊፋ አይፈቅድም ብሎ በድፍረት ጻፈ። 16ኛው አጣድፎ አረመው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እ.ኤ.አ. በ1970 እና በ1986 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜን ያስተናገደው የሜክሲኮ ሲቲው አዝቴካ 2,200 ሜትር ያልፋል። ፊፋ እ.ኤ.አ. በ2007 ከ2,500 ሜትር በላይ ዓለም አቀፍ ጨዋታ እንዳይካሄድ ብሎ ነበር፣ ቦሊቪያና ጎረቤቶቿ ጮኸው በ2008 ተነሳ። ያ እገዳ ቢቀጥል እንኳ እኛን አይነካም ነበር። የከፍታው ነገር እዚህ ላይ ተዘጋ።

ከ17 እስከ 20 ያሉትን ባልተርክላችሁ ይሻላል። አንድ የባሕር ዳር ልጅ ገብቶ፣ ስታዲየም ያላት ከተማ ስታዲየሟን ሳትጨርስ ሌላ ምን አስፈለገ የሚል ነገር ጣለ። ከዚያ የአፄዎቹና የባሕር ዳሮቹ የጣና ሞገዶች የቆየ ሂሳብ ሁሉ ተመዘዘ። አድሚኑ ሁለቱን ምላሾች አጠፋቸው። የቀሩትም ቢጠፉ የሚያዝን የለም።

21ኛው ነገሩን ወደ መስመር መለሰ። ስታዲየማችን የኳስ ብቻ አይደለም አለች ጸሐፊዋ። ሰልፍ፣ በዓል፣ ኮንሰርት፣ የትምህርት ቤቶች ስፖርት፣ ሁሉም እዚያ ነው። የተፈጥሮ ሣር ዕረፍት ይፈልጋል። በቀን ከጠዋት እስከ ማታ የሚረገጥ ሣር የለም። ስለዚህ ሕፃናትና ታዳጊዎች ቀኑን ሙሉ የሚሠለጥኑበትን ሜዳ ምንጣፍ፣ ዋናውን ስታዲየም ሣር ማድረግ ነው የሚያዋጣው አለች። በክሩ ውስጥ ካነበብኩት ሁሉ ይህ ሚዛን ደፋብኝ። 22ኛው ተጠራጠረ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ደንብ ያ የጎማ ፍርፋሪ ከ2031 በኋላ እንዳይሸጥ ወስኗል፣ ጥቃቅን ፕላስቲክ አፈርና ውሃ ውስጥ ስለሚገባ። እነሱ ሲያወጡት ለኛ በርካሽ እንዳይሸጡልን እፈራለሁ አለ። ፍራቻው ፍራቻ ነው፣ ማስረጃ አላቀረበም። ቀሃ ውስጥ የጎማ ፍርፋሪ ሲንሳፈፍ ማሰቡ ግን ለኔም አልጣመኝም።

23ኛው ስለ ድቅል ሣር ጠየቀ። 24ኛው መለሰለት፦ የተፈጥሮው ሣር መሃል ከመቶ አምስት እጅ ገደማ የፕላስቲክ ክር ይሰፋበታል፣ ሥሩ ክሩን ይዞ ይጠነክራል፣ በታኬታ አይቦጨቅም። ውሃና ማጨጃ ግን እንደ ማንኛውም ሣር ይፈልጋል። ከፋቹ በ25ኛው ብቅ ብሎ ቆፈራውን ተቀብያለሁ፣ ቧንቧውም ይቀበር፣ ከላይ ግን አሁንም ምንጣፍ ነው ብሎ ሄደ። ግትር ነው። ወደድኩት።

ከ26 እስከ 29 ወሬው ወደ ሊጉ ዞረ። ከ2013 ጀምሮ ፕሪምየር ሊጉ በተመረጡ ከተሞች እየተዟዟረ መካሄዱ፣ የጎንደር ደጋፊ ቡድኑን በቴሌቪዥን ብቻ መከታተሉ፣ የአውቶቡስ ዋጋ፣ የመንገዱ ነገር። አንዱ ልጁ ሰባት ዓመት ሞልቶት ፋሲልን በአካል አይቶ አያውቅም አለ። እዚህ ላይ ምሬቱ የእውነት ነበር።

30ኛው ሹል ነው። ሜዳ የሚንከባከበው ሰው ደሞዙ ስንት ነው ብሎ ጠየቀ፣ መልስ ሳይጠብቅም ቀጠለ። በሠራበት አንድ ከተማ አዲስ ሜዳ ተመርቆ፣ ማጨጃው በተበላሸ ጊዜ መለዋወጫ የሚገዛበት የበጀት ርዕስ ጠፋ። ሣሩ ጉልበት ደረሰ። በመጨረሻ ጥበቃው በማጭድ አጨደው፣ ድርቆሹንም ለላሙ ወሰደ። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ ጸሐፊው ግን እየቀለደ አልነበረም።

31ኛው አንዲት አስተማሪ ናት። ስታዲየሙን ለባለሥልጣን ተዉትና የኛን ትምህርት ቤት ሜዳ ምን እናድርገው፣ በጋ አቧራ ክረምት ጭቃ ሆኖብናል አለች። የግብርና ባለሙያው በ32ኛው ወዲያው መለሰላት። በየደጃችን ያለው ሰርዶ፣ በሞቃት አገር ትልልቅ ስታዲየሞች ላይ የሚተከለው የቤርሙዳ ሣር ራሱ ነው፤ እነሱ የተሻሻለ ዘር ይጠቀማሉ እንጂ። መጀመሪያ ውሃ የሚተኛበትን ጉድጓድ ሙሉ፣ ዳር ዳሩን ቦይ አውጡ። ሰኔ ዝናቡ ሲጠና የሰርዶውን ሐረግ በስንዝር በስንዝር ቆራርጣችሁ በመስመር ትከሉ፣ ጫፉ ከአፈር በላይ ይታይ። ክረምቱ ያጠጣላችኋል፣ ለዚያውም በነፃ። እስኪያያዝ ድረስ ግን ማንም እንዳይረግጠው።

33ኛዋ ያቺው አስተማሪ ናት፣ አመሰገነች። ተማሪውን በክረምት ዕረፍት ስለሚሆን እንችለዋለን፣ ግቢው ግን አጥር የለውም፣ የሰፈሩ ከብት ውሎው እዚያ ነው አለች። 34ኛው ምላሽ የከፋቹ ነው፦ ለዚህ ነው ምንጣፍ ያልኳችሁ፣ ላም አይበላውም።